የዳንቴል ትንፋሽ

ድመቷ ምግብ ከተወች ሁለተኛ ቀኗ ነበር፤ አስካለች ግን ነገሬ አላለችውም። ድመት አንዳንዴ አይጥ በልታ ትጠግባለች፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት ታኮርፋለች። ደግሞም ነሐሴ እያለቀ ነው፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነውና ከስፌት መኪናዋ አጠገብ የተከመረው የዩኒፎርም ጨርቅ ፋታ የሚሰጥ አልነበረም።

አስካለች ቴፒ ውስጥ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ፣ የቤቷን የፊት ክፍል ሱቅ አድርጋ ልብስ ትሰፋለች። ድመቷን ያመጣቻት ልጇ ፀደንያ ነበረች። በነጩ ሰውነቷ ላይ ያለው ግራጫ ጠጉር በመርፌ የተሠራ ስለሚመስል ዳንቴል ብላ ስም አወጣችላት። ፀደንያ ለትምህርት ጅማ ስትሄድ ድመቷ ለእናትየው ቀረች። አስካለች ድመት ወዳጅ አልነበረችም። ይሁንና አይጥ ጨርቋን መብላት የተወው ዳንቴል ከመጣች ወዲህ ነው፤ ከዚያ እየተላመዱ ሄዱ። ዳንቴል ቀኑን ሙሉ የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ትተኛለች፤ አስካለችም ለሰው የማትነግረውን ለእሷ ትነግራታለች።

የዚያን ዕለት ጠዋት የወደቀባትን ክር ልታነሳ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ስትል አየቻት። ዳንቴል ግድግዳውን ተጠግታ፣ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ተኮማትራ ተቀምጣለች። ነገር ግን አልተኛችም። የፊት እግሮቿን ክርን ከጎኗ አርቃ፣ አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ዓይኗን አፍጥጣለች። በየትንፋሹ ሆዷ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ጎድኗ ሥር ያለው ቆዳ ገባ ወጣ ይላል። አስካለች በስሟ ብትጠራት ጆሮዋን እንኳ አላዞረችም። እጇን ስትሰድላት ዳንቴል ጥቂት ፈቀቅ አለችና፣ ያ ጥቂት መንቀሳቀስ ብቻ አድክሟት፣ አፏን ከፍታ እንደ ውሻ አለከለከች።

አስካለች ድመት አፏን ከፍታ ስታለከልክ አይታ አታውቅም። ያንን የሚሰረጉድ ጎን ግን ታውቀዋለች። ፀደንያ ገና ጡት ሳትጥል የሳንባ ምች ይዟት ነበር። ያኔ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ የሕፃኗን ልብስ ገልጣ፣ «ትንፋሽ ስትስብ ጎድኗ ሥር እንዲህ ወደ ውስጥ ከገባ ነገ ይሻላታል ብለሽ አትጠብቂ፤ ያኔውኑ አምጫት» ብላ በጣቷ አሳይታታለች። አስካለች ከዚያ ወዲህ ያንን ጎን ረስታው አታውቅም።

«እንድርያስ፣ እስቲ ና እያት» አለች።

ባሏ እንድርያስ ቡና ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ይሠራል። ሊወጣ ቦት ጫማውን እያጠለቀ ነበር። ጎንበስ ብሎ ተመለከታትና፣ «ጠጉር ሰንቅሯት ይሆናል። ስታስመልሰው ይሻላታል» አለ።

«ልታስመልስ የምትታገል ድመትማ ታስላለች፣ ኡእ ትላለች፣ ድምፅ አላት። ይቺ ዝም ብላለች። አየር ነው ያጣችው።»

ይህን ሲነጋገሩ ጎረቤታቸው ማናልሞሽ የልጆቿን ዩኒፎርም ልትወስድ ገባች። እሷም ጎንበስ ብላ አየች፤ ወዲያው ወደ ቤቷ ልትመለስ ዞረች።

«አንድ ማንኪያ ዘይት ላምጣና ጋቻት። እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው።»

«አይሆንም፣ ማናልሞሽ። ትንፋሽ ባጠረው ሰው አፍ ዘይት ትጨምሪያለሽ? በትንፋሿ ቢገባስ?»

ማናልሞሽ ጥቂት አሰበች። «እውነትሽን ነው፤ አልጨምርም» አለች። ከዚያም ቁጭ ብላ፣ «ታዲያ ምን እናድርግ?» ብላ ጠየቀች።

አስካለች የከተማው የከብት ክትባት ሠራተኛ ለሆነው ለጥበቡ ደወለች። ጥበቡ ነገሩን በጥሞና ሰማና የድመቷን ከንፈር ገለጥ አድርጋ ድዷን እንድታይ ነገራት። አስካለች አየች። ሮዝ መሆን የሚገባው ድድ አመድ መስሏል።

«እኔ ጋ ለዚህ የሚሆን ነገር የለም፣ አልዋሽሽም» አላት ጥበቡ። «ሚዛን ተፈሪ ዶክተር ህሊና አለች። ስልኳን እልክልሻለሁ። ግን ዛሬውኑ ሂጂ። አጥብቀሽ አትያዣት፣ በጨርቅ አትጠቅልያት፣ በጎኗም አታስተኚያት። እሷ በመረጠችው አቀማመጥ ተያት። ብትፈራና ብትታገል ያለችውን ትንሽ አየር ትጨርሰዋለች።»

ማናልሞሽ ከቤቷ ክዳን ያለው የቀርከሃ ቅርጫት አመጣች፤ በየሽንቁሩ ንፋስ ያስገባል። አስካለች ቁርጥራጭ ጨርቅ አነጠፈችበት፣ በጎኑ አስተኝታ ድመቷ አጠገብ አስጠጋችው፣ ከዚያ ሁለት እጇን ከሥር ሰድዳ እንደተቀመጠች አንሸራትታ አስገባቻት። ዳንቴል አልታገለችም። አለመታገሏ አስካለችን ይበልጥ አስደነገጣት።

«መንገዱ እኮ ተዘግቷል» አለ እንድርያስ። «ሸኮ ሳይደረስ ናዳ ወርዷል እያሉ ነው።»

«እስከ ናዳው በመኪና እሄዳለሁ። ናዳውን በእግሬ እሻገራለሁ። ከዚያ ወዲያ ሌላ መኪና አይጠፋም።»

«ለድመት?»

«አዎ፣ ለድመት።»

እንድርያስ ሃያ ዓመት አብሯት ስለኖረ በዚህ ድምፅ የተናገረችውን እንደማትለውጥ ያውቃል። የዝናብ ካፖርቱን ከሚስማሩ አውርዶ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። «እንግዲህ ጭቃው ላይ ተጠንቀቂ» አለ።

ማናልሞሽ ደግሞ ሱቁን ዞራ አየችና፣ «ሰው ሲመጣ እኔ እነግርልሻለሁ። ቁልፍ መትከልም አያቅተኝም፤ ሂጂ» አለቻት።

መናኸሪያ ስትደርስ ሚኒባሱ ሊሞላ ተቃርቧል። ዝናቡ ስለበረታ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ውስጡ በእርጥብ ልብስና በሰው ትንፋሽ ታፍኗል። አስካለች ወደ ሹፌሩ ሄደች። ሰይፈዲን ይባላል፤ ሱሪ ሰፍታለት ታውቃለች።

«ሰይፈዲን፣ ጋቢና ስጠኝ። መስኮቱንም ከፍቼ ነው የምሄደው።»

«እትዬ አስካለች፣ በዚህ ዝናብ?»

ቅርጫቱን ከፍ አድርጋ አሳየችው። ሰይፈዲን በሽንቁሩ አጮልቆ ተመለከተ። የድመቷ ጎን እንዴት እንደሚሠራ ሲያይ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ጋቢና የተቀመጠውን ወጣት ወደ ኋላ እንዲያልፍለት ለመነው።

መንገድ ላይ ከኋላ አንድ ሰውዬ ዝናብ ገባብኝ ብሎ አጉረመረመ። አስካለች ዞር ብላ፣ «ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ እሷ የምትፈልገው አየር ነው» አለችውና የእንድርያስን ካፖርት አውልቃ ሰጠችው። ሰውዬው ካፖርቱን ለበሰ። ሰይፈዲን ሙዚቃውን ዘጋ፤ ጉድጓድ በመጣ ቁጥርም እንቁላል እንደጫነ ሰው እየቀነሰ አለፈ። አስካለች ቅርጫቱን ጭኗ ላይ ይዛ ዓይኗን ከሽንቁሩ አልነቀለችም። አላባበለቻትም፣ አላሻሸቻትም። የድመቷን ጎን ብቻ ትመለከታለች።

ናዳው ያለበት ሲደርሱ ቀይ አፈር ከነዛፉ ተንዶ መንገዱን አቋርጦ ተኝቷል። ሰዎች በአካፋ ይታገላሉ፤ ከወዲህም ከወዲያም መኪና ተሰልፏል። ተሳፋሪው ወርዶ ከናዳው በላይ ባለው የቡና ማሳ ውስጥ በእግሩ መሻገር ጀመረ። ሰይፈዲን ከወዲያ ማዶ ላለ ባየ ለሚባል ሹፌር ደወለ። «አንዲት ቅርጫት የያዘች ሴት እየመጣች ነው፤ ሳትደርስ እንዳትነሳ፣ አደራ» ሲል ሰማችው። ካፖርቱን የለበሰው ሰውዬ ቅርጫቱን ልያዝልሽ አላት፤ ካፖርቱን ተቀበለች፤ ቅርጫቱን ግን አልሰጠችውም። እንዳያዘነብለው ትፈራለች።

መንገዱ አንሸራታች ነበር። የቡና ግንድ እየያዘች፣ ቅርጫቱን በአንድ እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ወጣች። አጋማሹ ላይ እግሯ ከዳትና በጉልበቷ ወደቀች። ቅርጫቱ አልተደፋም፤ ነገር ግን ዳንቴል ተናውጣ እንደገና አፏን ከፈተች። ምላሷ ጠቁሯል።

«ተነሺ እናቴ፣ መኪናው ሊሄድ ነው» አሉ ከኋላዋ የሚመጡት።

አስካለች አልተነሳችም። እየሮጠች ብትሄድ ድመቷ መሃል መንገድ ላይ እንደምትቀር ታይቷታል። ቡናው ሥር ጭቃው ላይ ተቀመጠች፣ ካፖርቱን አጥፋ ቅርጫቱን አስቀመጠችበት፣ ዝናቡን በጀርባዋ ከለለችለት። ሰዎች አልፈዋት ሄዱ። «እሺ፣ ቀስ በይ፣ ቀስ በይ» አለች፤ ለድመቷ ይሁን ለራሷ አላወቀችውም። በመጨረሻ የዳንቴል አፍ ተገጠመ። ያኔ ተነሳች፣ በእርጋታም ወረደች። ባየ መኪናውን አስነስቶ በሩን ከፍቶ ይጠብቃት ነበር።

ሚዛን ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ፍየልና ጥጃ የያዙ ሰዎች ተሰልፈዋል። ዶክተር ህሊና አረንጓዴ ቱታ የለበሰች ወጣት ናት። አስካለች ከመኪናው ላይ ስለደወለችላት እንዳየቻት የያዘችውን ጥጃ ለረዳቷ ትታ መጣች። ሌሎቹም ባለ ከብቶች ቅርጫቱን አይተው መንገድ ለቀቁላቸው።

ዶክተሯ ቅርጫቱን ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ክዳኑን ብቻ አነሳች። ድመቷን ለመንካት አልቸኮለችም። ጥቂት ከላይ ሆና አተነፋፈሷን ተመለከተች፤ ከዚያ ማዳመጫዋን በቀስታ ጎኗ ላይ አሳረፈች፣ ከላይ፣ ከታች፣ በዚያኛው በኩል።

«ላይ በኩል ይሰማኛል። ታች ምንም ድምፅ የለም» አለች። «ሳንባዋና ጎድኗ መካከል ፈሳሽ ሞልቷል፤ ሳንባዋ የሚነፋበት ቦታ አጥቷል። በቅርብ ከሌላ ድመት ጋር ተጣልታ ነበር?»

አስካለች አሰበች። ሐምሌ ላይ አንድ ወንድ ድመት በጣሪያ እየመጣ ያውካቸው ነበር። ጣቷን ከዳንቴል ብብት ኋላ ሰድዳ ስትፈልግ ትንሽ የደረቀ ቅርፊት አገኘች።

«እሱ ነው» አለች ህሊና። «የንክሻ ቁስል ላዩ ይድናል፤ ውስጡ ግን መግል ይቋጥራል። በመርፌ መቅዳት አለብን። እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ጥጃ ላይ ሠርቼዋለሁ፤ ድመት ላይ ግን ተማሪ ሳለሁ ሲሠራ ነው ያየሁት። ኦክስጅንም የለንም። እጄ ላይ ልትሞትብኝ ትችላለች።»

«ካልተቀዳስ?»

«እስከ ማታ አትቆይም።»

«እንግዲያው ቅጂ፣ ልጄ። እኔ እይዛታለሁ።»

ህሊና የድመቷን የቀኝ ጎን ላጨች፣ በመድኃኒት አጠበች፣ የሚያደነዝዝ መርፌም ወጋች። አስካለች ዳንቴልን በሆዷ እንደተቀመጠች በሁለት እጇ ደግፋ ያዘች፤ አልጫነቻትም። ዶክተሯ ቀጭን ቱቦ ያላትን መርፌ በጎድኗ መካከል አስገባች። ረዳቷ ሲሪንጁን ሳበ። ምንም አልመጣም። መርፌዋ ትንሽ ስትንቀሳቀስ ዳንቴል ተንፈራገጠች፣ አፏ ተከፈተ፣ ድዷ ወደ ሰማያዊ ዞረ።

ህሊና መርፌዋን ነቀለች። ዳንቴልን ቅርጫቱ ውስጥ መልሰው ክፍሉን አጨለሙላትና እስክትረጋጋ ጠበቁ። ዶክተሯ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ከፍ አድርጌ ነው የወጋሁት» አለች ኋላ። «ፈሳሹ ታች ነው።»

«ታዲያ ታች ውጊ» አለች አስካለች። ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም።

በሁለተኛው ሙከራ ሲሪንጁ ሞላ። እንደ ቲማቲም መረቅ የቀላ፣ ወፍራም፣ ጠረኑ ክፍሉን የሞላ መግል ነበር። ረዳቷ ፊቱን አዞረ፤ አስካለች ግን ከድመቷ ጎን ዓይኗን አላነሳችም። ህሊና ቀዳች፣ ደፋች፣ እንደገና ቀዳች። ከዚያ በሌላውም ጎን ቀዳች። እየቀዳች ሳለ አስካለች የድመቷ ሆድ ወደ ውስጥ መሰርጎዱን ሲተው አየች። መጀመሪያ ዓይኗን ተጠራጠረች። ዳንቴል አፏን ገጠመች፣ ምራቋን ዋጠች፣ አገጯንም የአስካለች ክንድ ላይ አሳረፈች። አስካለች ያኔ ብቻ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አላለቀም» አለቻት ህሊና እጇን እየታጠበች። «እንደገና ይሞላል። አንቲባዮቲኩ እስኪሠራ ደጋግመን እንቀዳለን። እዚህ ማደሪያ አለዎት?»

የአስካለች የጸሎት ጓደኛ ትዕግሥት ሚዛን ትኖራለች። ትዕግሥት ድመቷንም እንግዳዋንም በደስታ ተቀበለች። አስካለች ቅርጫቱን አልጋዋ አጠገብ አድርጋ ሰነበተች። ዳንቴል ስትተኛ ትንፋሿን ማየት የአስካለች ልማድ ሆነ፤ ስትተኛ ምን ያህል ቀስ ብሎ እንደሚመላለስ ስለለመደችው ለውጥ ሲመጣ ቶሎ ታውቃለች።

በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ለውጡ መጣ። ድመቷ አፏን አልከፈተችም፣ ዓይኗም አልፈጠጠም፤ ጎኗ ግን ከትናንቱ ይበልጥ ይፈጥናል። ትዕግሥት፣ «ደህና ተኝታለች እኮ» አለች። አስካለች ቅርጫቱን አንስታ ወጣች። ክሊኒኩ ገና አልተከፈተም፤ ዘበኛው ሰዓቱ ሲደርስ ነይ አላት። እሷም በሩ ሥር ተቀምጣ ለህሊና ደወለች። ዶክተሯ ጸጉሯን ሳታበጥር በሞተር መጣች፣ አዳመጠች።

«በጊዜ አመጧት። አፏን እስክትከፍት ቢቆዩ ኖሮ እንደ መጀመሪያው ቀን እንሆን ነበር» አለች። በዚህ ጊዜ አንዴ ወግታ ቀዳች፤ የመጣውም መግል ትንሽ ነበር። በማግሥቱ ዳንቴል ከአስካለች ጣት ላይ ዓሣ በላች፤ እንደገና መቅዳትም አላስፈለጋትም።

መንገዱ ተከፍቶ ቴፒ ሲመለሱ እንድርያስ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ቅርጫቱን ተቀበላት። ማናልሞሽ ዩኒፎርሞቹ ላይ ቁልፍ ተክላ ጨርሳለች፤ ጥቂቶቹን አጣማ ተክላቸዋለች፤ አስካለች ግን ምንም አላለችም። ከዚያ ለሳምንታት ጠዋትና ማታ ክኒን መስጠት ነበር። ዳንቴል ክኒኑን ትጠላዋለች፤ የእንድርያስን እጅ ደጋግማ ቧጠጠች። እንድርያስም እየተቧጠጠ መስጠቱን አላቋረጠም። ድመቷ ዳነች። የተላጨው ጎኗ ላይ የበቀለው ጠጉር ግራጫው በዝቶ ወጣ።

ጥቅምት ላይ፣ አስካለች እየሰፋች ሳለ፣ የማታውቀው ቁጥር ደወለ። ሬድዋን የሚባል የማሻ ነጋዴ ነው፤ ቁጥሯን የሰጠችው ዶክተር ህሊና ናት።

«ድመታችን ከትናንት ጀምሮ እንደ ውሻ ታለከልካለች። ባለቤቴ ወተት እያሞቀችላት ነው» አለ።

«ወተቱን ተዉት። ምንም አፏ ውስጥ አትጨምሩ» አለች አስካለች የስፌት መኪናዋን አቁማ። «ንፋስ የሚያስገባ ካርቶን አለህ? በሁለት እጅህ ከሥር ደግፈህ አስገባት። በጎኗ አታስተኛት። ልጆቹ አይሰብሰቡባት።»

«እሺ። ግን ሚዛን እኮ ሩቅ ነው፣ እናቴ። መንገድ ላይ ብትሞትብኝስ?»

«ልትሞት ትችላለች። ቤት ብትቀር ግን ጥርጥር የለውም። አሁኑኑ ውጣ፤ ቴፒ ስትቃረብ ደውልልኝ።»

ለህሊና ነገረቻት፤ ለሰይፈዲንም ደወለች። ከዚያ ሱቋን ቆልፋ መናኸሪያ ሄደች፣ የጋቢናውን ወንበር ራሷ ተቀምጣ ያዘች፤ ልግባ ያለውን ሁሉ መለሰች። የማሻው መኪና ሲገባ አንድ ረጅም ሰው ካርቶን ታቅፎ ወረደ። አስካለች ወንበሩን ለቀቀችለትና ጎንበስ ብላ በቀዳዳው ተመለከተች። ቀይ ድመት ናት፤ ጎኗ በብርቱ ይሠራል።

«ትተነፍሳለች» አለችው። «ግባ፤ መስኮቱንም ክፈተው።»